ሲኒው በሸንጎ ፊት፦ ቡናና ሻይ በጤና ስም የተከሰሱበትና የተሟገቱበት ታሪክ

ቡና ወደ ሰው ልማድ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ «ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል» የሚለው ጥያቄ ተለይቶት አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ጥያቄውን አጥብቀው ያነሡትን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያሳሰባቸው የጠጪው ልብ ወይም ጨጓራ ሳይሆን ጠጪዎቹ የሚሰበሰቡበት ስፍራ፣ የሚከተሉት ሃይማኖት፣ ወይም ቡናው ገበያ ያሳጣው ሌላ መጠጥ ነበር። ሐኪም ወደ ክርክሩ የሚጠራው ዘግይቶ ሲሆን፣ ሲጠራም ነገሩን እንዲመረምር ሳይሆን አስቀድሞ ለተቆረጠ ፍርድ እንዲመሰክር ነበር። ሻይም ወደ አውሮፓ ሲገባ ከዚሁ ዕጣ አላመለጠም። ከዚህ በታች የሚተረከው የዚያ ምስክርነት ታሪክ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመካከለኛው ዘመን የዐረብኛ የሕክምና መጻሕፍት፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በሞተው በአል ራዚና በ1037 በሞተው በኢብን ሲና ሥራዎች ውስጥ፣ «ቡንክ» የተባለ መድኃኒት ተጠቅሶ ይገኛል። ስሙ «ቡን» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንድ ጸሐፊዎች የቡና የመጀመሪያው የሕክምና መዝገብ አድርገው ሲወስዱት፣ ሌሎች ግን የአንድ ሥር ስም ነው ብለው ይከራከራሉ። ከዚህ ይልቅ ጠንከር ያለው ምስክርነት ግብፃዊ ጸሐፊ አብዱልቃዲር አል ጀዚሪ በ1558 ገደማ ስለ ቡና ባዘጋጀው ድርሳን ውስጥ ያኖረው ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ መሠረት በ1470 ገደማ የሞተው የኤደኑ የሃይማኖት ሊቅ ሙሐመድ አል ዘብሓኒ በአንድ ጉዳይ ተገዶ ወደ «በር አል ዐጀም»፣ ማለትም ከኤደን ባሻገር ወዳለው የአፍሪካ ቀንድ ምድር ተሻግሮ ሳለ፣ የአገሩ ሰዎች ቡና ሲጠጡ አየ፤ በዚያን ጊዜ ግን የመጠጡን ጠባይ አላወቀም ነበር። ወደ ኤደን ተመልሶ ከታመመ በኋላ ያየው ነገር ትዝ ቢለው አስፈልጎ ጠጣው፤ ድካምና መጫጫን እንደሚያስወግድ፣ ለሰውነትም ቅልጥፍናና ብርታት እንደሚሰጥ ተረዳ። እንግዲህ ቡና በጽሑፍ ታሪክ ደጃፍ ላይ የቆመው እንደ ደስታ መጠጥ ሳይሆን ከኢትዮጵያ አካባቢ በተወሰደ የመድኃኒት ልምድ ነው ማለት ይቻላል።

መድኃኒትነቱ ግን ወዲያው ወደ ጸሎት አገልግሎት ዞረ። የየመን ሱፊዎች፣ ማለትም በሌሊት ዚክርና በተመስጦ ጸሎት የሚተጉ የእስልምና መንፈሳውያን፣ እንቅልፍን ለማሸነፍ ይጠጡት ጀመር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ካይሮ ከሚገኘው ከአል አዝሐር መስጊድ አጠገብ በሚኖሩ የየመን ተወላጆች መካከል ሰኞና ዐርብ ሌሊት ቡና የሚጠጣበት ሥርዓት ተተክሎ ነበር። ቡናው በቀይ ሸክላ የተሠራ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ሆኖ መሪያቸው በትንሽ ጭልፋ እየጨለፈ ከቀኝ ጀምሮ ያድላቸው፣ እነርሱም እየጠጡ የአምላክን ስም ይደጋግሙ እንደነበር አል ጀዚሪ ይተርካል። የቡና ሥርዓት በጸሎት የሚጀመርበትንና በምርቃት የሚታሰርበትን ቤት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሥዕል እንግዳ አይሆንበትም።

የመጀመሪያው ትልቅ ክስ የተሰማው በ1511 በመካ ነው። የከተማይቱን ገበያና ሥነ ምግባር የሚቆጣጠረው የማምሉክ ሹም ኻይር በይ አንድ ሌሊት ከመስጊዱ አጠገብ ፋኖስ አብርተው የተሰበሰቡ ሰዎችን አየ፤ ሰዎቹ እርሱን ሲያዩ ፋኖሳቸውን አጠፉ፤ ይጠጡት የነበረው ደግሞ ቡና ሆኖ ተገኘ። ኻይር በይ በማግስቱ የሕግ ሊቃውንትን ሰብስቦ ጉዳዩን አቀረበ። ሊቃውንቱ ከመጠጡ ጋር የሚደረገውን ጭፈራና ስብሰባ ለመንቀፍ ባይቸገሩም፣ መጠጡን ራሱን ሐራም ለማለት ግን በሰውነትና በአእምሮ ላይ ጉዳት ማድረሱ በባለሙያ መረጋገጥ ነበረበት። ሐኪሞች የተጠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀርበው የመሰከሩትም ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ነበሩ።

ምስክርነታቸውን ለመረዳት የዘመኑን የሕክምና ትምህርት ማወቅ ያስፈልጋል። ከግሪኮቹ ከሂፖክራተስና ከጋሌኖስ የተወረሰው ይህ ትምህርት የሰው ጤና በአራት ፈሳሾች፣ ማለትም በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ሚዛን ላይ የቆመ ነው ብሎ የሚያስተምር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምግብና መጠጥም ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ፣ ደረቅ ወይም ርጥብ የሆነ ባሕርይ አለው ይላል። ይህ ሙቀትና ቅዝቃዜ በጣት የሚዳሰስ አይደለም፤ ከምድጃ ላይ የወረደ መጠጥ በባሕርዩ «ቀዝቃዛ» ሊባል ይችላል። ሁለቱ ወንድማማቾችም ቡና ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ የሰውነትን ሚዛን ያናጋል ብለው መሰከሩ። በሸንጎው ከነበሩት አንዱ ተነሥቶ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የባግዳዱ ሐኪም ኢብን ጀዝላ በመጽሐፉ ቡን አክታን ያደርቃል ብሎ እንደጻፈ፣ ስለዚህም ባሕርዩ ቀዝቃዛ ሊሆን እንደማይችል ቢከራከር፣ ሐኪሞቹ መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ሌላ ተክል ነው ብለው መለሱ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ቡና ተከለከለ፣ የተገኘውም በመካ ጎዳናዎች ላይ ተቃጠለ፣ ሻጮቹም ተገረፉ። ውሳኔው ለካይሮው ሱልጣን ለቃንሱህ አል ጉሪ ሲላክ ግን ሱልጣኑ ያጸደቀው የስብሰባውን ነውር ብቻ ነበር፤ መጠጡን ራሱን ሙሉ በሙሉ አልከለከለም፤ ኻይር በይም በተከታዩ ዓመት ከሹመቱ ተነሣ። ፋኖስ ያጠፉት ሰዎች ወተት ሲጠጡ ቢገኙ ኖሮ ወንድማማቾቹ ሐኪሞች ስለ ወተት ባሕርይ ይጠየቁ እንደነበር መገመት ብዙ አያሳስትም።

ወደ አውሮፓ ሲሻገር ደግሞ የቡና ጠበቆች ቀደሙ። የአውግስቡርጉ ሐኪም ሌኦንሃርት ራውቮልፍ በ1573 ሐለብ ከተማ ሰዎች ሲጠጡት አይቶ በ1582 ባሳተመው መጽሐፉ ለጨጓራ እንደሚጠቅም ጻፈ። በ1652 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ቡና ቤት የከፈተው ፓስኳ ሮዜ ያሠራጨው ማስታወቂያ ደግሞ ቡናን ለራስ ምታት፣ ለሪህ፣ ለሰውነት እብጠትና ለሌላም ብዙ ሕመም ፈውስ አድርጎ ያቀርባል፤ ይኸው ማስታወቂያ ማታ ለመንቃት ካልፈለጉ በቀር ከእራት በኋላ እንዳይጠጡት ማስጠንቀቁ ሐቀኛ ነጋዴ ያሰኘዋል። በተጨማሪም ቡናው ከመጠጣቱ በፊት አንድ ሰዓት ከምግብ መታቀብ፣ ከጠጡም በኋላ አንድ ሰዓት አለመብላት እንደሚገባ፣ እንዲሁም አፍ የቻለውን ያህል ትኩስ ሆኖ መጠጣት እንዳለበት ይመክራል። ከእነዚህ ምክሮች አንዱ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ በከፊል ትክክል፣ ሌላው ደግሞ አደገኛ ሆነው መገኘታቸው ወደፊት ይታያል።

በኢትዮጵያ ዛሬ እንደ አገር በቀል ትውፊት የሚነገረው፣ የቡና ፍሬ በልተው የዘለሉ ፍየሎችን ያየው የፍየል ጠባቂ ታሪክ እንኳ ከዚህ የጥብቅና ዘመን የተወለደ ነው። ታሪኩ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው ማሮናዊው ሊቅ አንቶኒዮ ፋውስቶ ናይሮኒ በ1671 በሮም ባሳተመው የላቲን ድርሳን ውስጥ ሲሆን፣ የድርሳኑም ርእስ ስለ ቡና እጅግ ጤናማነት የሚናገር ነው። በዚያ መጽሐፍ ላይ ካልዲ የሚል ስም የለም፤ ቦታውም የመን እንጂ ከፋ አይደለም፤ መንጋው ግመል ነው ወይስ ፍየል በሚለው ላይ እንኳ ጸሐፊው አልቆረጠም። ፍየሎቹ የዘለሉት ቡና ለመነኮሳት ንቃት የሚበጅ ጤናማ መጠጥ መሆኑን ለማስረዳት ነበር።

ከሳሾቹም ዝም አላሉም። በ1679 በማርሴይ ከተማ ኮሎም የተባለ የሕክምና ዕጩ ቡና የከተማዋን ነዋሪዎች ጤና ይጎዳል ወይ በሚል ርእስ ላይ በአደባባይ እንዲሟገት ተደረገ፤ እርሱም ቡና የሰውነትን ፈሳሽ ያደርቃል፣ ድካምና የወንድነት ድክመት ያመጣል ሲል ከዘረዘረ በኋላ ሕዝቡ በቡና ምክንያት የወይን ጠጅ እየተወ ነው የሚለውን አቤቱታ ጨመረበት፤ በወይን የምትኖር ምድር ውስጥ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሕክምናው ይልቅ እንደሚከብድ አያጠራጥርም። ሻይ በበኩሉ በ1678 ኮርኔሊስ ቦንቴኩ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በቀን በርካታ ስኒ እንዲጠጣ፣ መቶና ከዚያም በላይ ቢሆን እንኳ እንደማይጎዳ በመጽሐፍ የጻፈለት ሲሆን፣ በእንግሊዝ ግን በ1756 ዮናስ ሃንዌይ የሕዝብን ጤናና ሀብት የሚያጠፋ ነው ብሎ ዘመተበት፤ የመዝገበ ቃላቱ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ ራሱን የማይታረም የሻይ ጠጪ አድርጎ በማቅረብ መለሰለት።

በኢትዮጵያ የነበረው ሁኔታ ከሁለት የተከፈለ ነው። ቡና በዱር በሚበቅልበት በደቡብ ምዕራብ፣ እንዲሁም በሐረር ዙሪያ፣ ተክሉ ከቅጠል እስከ ፍሬ የሚበላና የሚጠጣ ነበር፤ በሐረር ቅጠሉ ተቆልቶ የሚፈላው ቁቲ፣ በከፋና በቤንች አካባቢ ቅጠሉ ከቅመም ጋር የሚዘጋጀው ጨሞ፣ በወላይታ ሃይታ ቱኬ የሚባለው የቅጠል መጠጥ፣ በኦሮሞዎች ዘንድ ደግሞ ፍሬው በቅቤ የሚጠበሰው ቡና ቀላ ሁሉም የምግብነት ወይም የመድኃኒትነት ወግ አላቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስም የኦሮሞ ተዋጊዎች የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ አድቦልቡለው ስንቅ እንደሚይዙና አንዱ ድብልብል ከዳቦና ከሥጋ ይልቅ ቀኑን ሙሉ እንደሚያበረታቸው መስክሯል። ቅቤው ጉልበት፣ ቡናው ንቃት እንደሚሰጥ የዛሬው የሥነ ምግብ ባለሙያም አይክድም።

በሰሜኑና በመካከለኛው የክርስቲያን አገር ግን ቡና ከጫትና ከትምባሆ ጋር ተቈጥሮ የእስላም ልማድ ተብሎ ይነቀፍ ነበር፤ ነቀፌታው የጤና ቋንቋ እንኳ አላስፈለገውም፤ የሃይማኖት ድንበር መጠበቂያ ነበርና። ሁኔታው የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ መጠጡ የእስላም ብቻ ነው የሚለውን እምነት ለማስወገድ መድከማቸው ለለውጡ ትልቅ ድርሻ እንዳለው የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሐረር በ1887 በምኒልክ ግዛት ሥር መግባቷና የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ መድረሱ ቡናን የመንግሥት ትልቅ ገቢ እንዳደረገው ሲታሰብ፣ ለግምጃ ቤት የጠቀመ ተክል በገበታ ላይ ነውር ሆኖ መቆየቱ አስቸጋሪ እንደነበር መረዳት አይከብድም። ከዚያ ወዲህ የቤት ውስጥ ሕክምናው በሰሜንም ተስፋፋ፤ ለሆድ ቁርጠት በሲኒው ጤና አዳም መንከር፣ ለተቅማጥ የተወቀጠ ቡና በማር መዋጥ፣ የተቆረጠ ጣት ላይ የቡና ዱቄት ነስንሶ ደም ማቆም ዛሬም የሚታይ ልማድ ነው።

የቡናን ባሕርይ ከሙቅና ከቀዝቃዛ ክርክር ያወጣው ኬሚስትሪ ነው። በ1819 ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንጌ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የቤላዶና ተክል ጭማቂ የዓይን ብሌን እንደሚያሰፋ ለባለቅኔው ለጎተ ለማሳየት ድመት ታቅፎ የየናን ከተማ ገበያ አቋርጦ ሄደ፤ ጎተ በሙከራው ተደንቆ ሲያሰናብተው በዘመኑ ብርቅ የነበረ የቡና ፍሬ ሰጥቶ ምን እንዳለበት እንዲመረምር ጠየቀው። ሩንጌም ከፍሬው ነጭ፣ መራራ ንጥረ ነገር አወጣ፤ ይኸውም ካፌይን የተባለው ነው። በ1827 ከሻይ ቅጠል የወጣው ተመሳሳይ ነገር «ቴይን» የሚል የራሱ ስም ቢሰጠውም፣ በ1838 ሁለቱ አንድ መሆናቸው ተረጋገጠ። በዚህም ቡና ያንቀጠቅጣል ሻይ ያረጋጋል የሚለው የጠጪዎች ክርክር ከተክሉ ልዩነት ወደ መጠን ልዩነት ወረደ።

ካፌይን እንዴት እንደሚያነቃ የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አንጎል በሥራ ላይ እያለ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይከማችበታል፤ ይህ ነገር በነርቭ ሕዋሳት ላይ ካሉ መቀበያዎች ጋር ሲገናኝ ሕዋሳቱን ያቀዘቅዛል፣ እንቅልፍንም ይጠራል። ካፌይን በቅርጹ ስለሚመስለው እነዚያን መቀበያዎች ይይዛቸዋል፤ ሆኖም ወደ ቁልፉ ቀዳዳ የገባ የማይዞር ቁልፍ ስለሆነ አያነቃንቃቸውም፤ ድካሙ ሳይጠፋ መልእክቱ ብቻ ይቀራል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል መቀበያዎቹን እያበዛ ይለምዳል፤ ቡናው ድንገት ሲቀር አዴኖሲኑ ያለ ከልካይ ስለሚሠራ የአንጎል ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስም ይፈልጣል። ሕመሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንና በረመዳን መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሙስሊም የሚያማርሩት ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ የረሃብ ሳይሆን ይኸው ነው። «ሱሴ ተነሣ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ይህን ክስተት ከላቦራቶሪው ቀድሞ ሰይሞታል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ከምስክርነት ወንበር ወርዶ መዝገብ ቈጣሪ ሆነ፤ ስሕተቱም ዓይነቱን ቀየረ። በ1981 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ቡና መጠጣትን ከቆሽት ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ጥናት አወጡ፤ ነገር ግን ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት ሰዎች ብዙዎቹ የጨጓራና የአንጀት ሕመምተኞች በመሆናቸው ቡናን አስቀድመው ቀንሰው ነበር፤ በዚህም ምክንያት የካንሰር ሕመምተኞቹ ብዙ ቡና የጠጡ መስለው ታዩ። እነዚያው ተመራማሪዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ደግመው ሲያጠኑ ግንኙነቱን አላገኙትም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1991 ቡናን የሽንት ፊኛ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከተባሉት ጋር መድቦት ነበር፤ ብዙ ቡና የሚጠጡት ሰዎች ብዙ ሲጋራ የሚያጨሱ መሆናቸው በአግባቡ ሲቀናነስ ግን ክሱ ቀለለ፤ ኤጀንሲው በ2016 ከ1,000 በላይ ጥናቶችን ተመልክቶ ምደባውን አነሣ።

በዚያው የ2016 ውሳኔ ግን ሌላ ተከሳሽ ቀረበ፤ እርሱም ሙቀት ነው። ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ትኩስ የሆነ መጠጥ፣ ቡናም ሆነ ሻይ ወይም ሌላ፣ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደውን የምግብ ቧንቧ እየደጋገመ ስለሚያቃጥል ለካንሰር ሊዳርግ እንደሚችል ተገለጸ፤ አፍ የቻለውን ያህል ትኩስ ይጠጣ ያለው የፓስኳ ሮዜ ማስታወቂያ በዚህ ተረታ። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም፤ በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በርከት ብሎ መታየቱ የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበ ሲሆን፣ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶችም አንዱ ገንፎን በትኩሱ መብላት ነው።

ከምግብ አንድ ሰዓት ራቅ ይበል የሚለው የዚያው ማስታወቂያ ምክር ደግሞ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተደረጉ የብረት ማዕድን ጥናቶች ግማሽ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን፣ ማለትም አፍን የሚያኮማትረው ንጥረ ነገር፣ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ በ1983 በታተመ አንድ ጥናት ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረቱን ቅበላ በ64 በመቶ፣ ቡና በ39 በመቶ ቀንሶታል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አልታየም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደተጠጣ ሆነ። ብረታቸውን ከሥጋ ይልቅ ከጤፍና ከጥራጥሬ ለሚያገኙ፣ በተለይም በጾም ወራት ለሚጾሙ ነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ላለባቸው ሰዎች ይህ ከብዙዎቹ የካንሰር ክሶች የበለጠ ተጨባጭ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ቤት ሻዩም ሆነ ቡናው የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ እንጀራው እንደተነሣ ነው።

ስለ ጀበና ቡና ደግሞ ፍንጭ የመጣው ከኖርዌይ ነው። በሰሜናዊቷ ትሮምሶ ከተማ በ1983 የታተመ ጥናት ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ፤ የዚያ አገር ሰዎች ቡናቸውን እንደ ኢትዮጵያውያን ከነዱቄቱ አፍልተው አተላው ሲዘቅጥ የሚጠጡ ነበሩ። በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ምክንያቱ ካፌስቶል የተባለው የቡና ዘይት ክፍል መሆኑን አረጋገጡ፤ ይህ ዘይት በወረቀት ማጥለያ ላይ ሲቀር በፈላ ቡና ላይ ግን ይንሳፈፋል። ሙቀጫ ውስጥ ደቅቆ፣ ጀበና ውስጥ ገንፍሎ፣ አተላው እስኪወርድ ዘመም ተደርጎ የቆየ ቡና ያለ ወረቀት ስለሚቀዳ ከትሮምሶው ወገን ይመደባል።

መጠኑን በተመለከተ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን ቢወስድ ስጋት እንደሌለ ገልጿል፤ በዚሁ ስሌት 60 ሚሊሊትር ኤስፕሬሶ 80፣ 220 ሚሊሊትር ጥቁር ሻይ 50 ሚሊግራም ይይዛል። የነፍሰ ጡሯ ልክ ከግማሽ ያልበለጠው አንድም ካፌይኑ ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ፣ አንድም በእርግዝና ጊዜ ከሰውነት የሚወጣው እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ ነው። የጀበናው ስሌት ግን በስኒ ብዛት አይሄድም፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ከአንድ ዱቄት ላይ ውሃ እየተጨመረ ስለሚፈሉ ሦስቱ ሲኒዎች እኩል አይደሉም፤ ብዙው ካፌይን በአቦሉ ይወጣል፣ በረካው ከሁሉ የቀጠነ ይሆናል፤ በብዙ ቤትም ለልጆች የሚቀዳው እርሱ ነው።